የድምፅ መምረጫ ስዊች ቤት ውስጥ ስትሠሩ እነዚህን ተጠንቀቁ

ሪሲቨር፣ ስልክና ኮምፒውተር አሉ፤ አምፕሊፋየሩ ግን መግቢያው አንድ ነው። ማዞሪያ ስዊች፣ ጥቂት አርሲኤ ጃክ (የድምፅ ኬብል የሚሰካበት ክብ መሰኪያ) እና የብረት ሳጥን ካላችሁ ይበቃል። ለስቴሪዮ ባለ ሁለት ፖል፣ ማለትም ግራና ቀኙን አንድ ላይ የሚቀይር ስዊች ግዙ።

ግራውንድ! ይሄን ነገር መናገር ሰልችቶኛል። ሰው የግራና የቀኙን ሽቦ ተጠንቅቆ ይበይድና ግራውንዱ (የጋራ መመለሻው መስመር) ጋ ሲደርስ «ያው ነጌቲቭ ነው» ብሎ ይዘለዋል፣ ወይ ባገኘው ተራ ሽቦ ያያይዘዋል። ከዚያ ስፒከሩ «እምምም» ማለት ይጀምራል። የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ሽልድ (ዙሪያውን የሚሸፍን ብረት) የሌለው ሽቦ ሁሉ ይለቅመዋል። ማን ይወቀሳል? ምስኪኑ አምፕሊፋየር! አንዱ የፓወር ሰፕላዩን ትልልቅ ካፓሲተሮች በሙሉ አስቀይሮ መጣ፣ ጉርምርምታው እንዳለ ነው። መምረጫውን ስንከፍተው ሳጥኑ ፕላስቲክ፣ ሽቦው የስልክ ሽቦ፣ እዚያው ጎኑ ደግሞ የቻርጀር አዳፕተር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብሩ በከንቱ ወጣ። በሉ እንግዲህ፣ ሽልድ ያለው ኬብል ተጠቀሙ፣ የጃኮቹን ግራውንድ ሁሉ አንድ ላይ እሰሩ፣ ሳጥኑን ከግራውንዱ ጋር አንድ ቦታ ላይ ብቻ አገናኙ።

ስዊች ምን ያደርጋል ብላችሁ ሁሉንም በአንድ ኬብል አትቀላቅሉ። የአንዱ መውጫ የሌላውን ይጫነዋል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ይበላሻል። ሲዞር ሁለቱን ለቅጽበት የሚያነካካ ስዊችም ያንኑ ያደርጋል፤ አንዱን ለቅቆ ነው ሌላውን መያዝ ያለበት። በቴስተር ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ እዩት።

ስታዞሩት «ጧ» ካለ ከእያንዳንዱ መግቢያ ወደ ግራውንድ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር እሰሩ። ካፓሲተር ላይ የቀረውን ቻርጅ ያፈሰዋል።

ካውያውን የስዊቹ እግር ላይ አታቆዩ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ደግሞ ፎኖ ፕሪአምፑ (የመርፌውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው) ከስዊቹ በፊት ይሁን። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ ከሪሲቨሩ ድምፅ ጋር ሲነጻጸር አይሰማም።

የመኪና ቴፕ ቤት የምታስገቡ ወዳጆቼ፣ የስፒከሩን ሽቦ ከዚህ ሳጥን ጋር እንዳታያይዙት። በብዙዎቹ የመኪና ቴፖች ላይ የስፒከሩ ነጌቲቭ ግራውንድ አይደለም፤ እሱም ቮልቴጅ አለው። ከሌሎቹ ግራውንድ ጋር ያሰራችሁት ዕለት የቴፑ አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ሊቃጠል ይችላል። ከኋላው አርሲኤ መውጫ ካለው እሱን ተጠቀሙ።