ላይሶዞም ሴል ውስጥ እንዴት ትሄዳለች? ሳበው የሚለው ማነው?

ላይሶዞም ማለት ሴል ውስጥ ያለች አሲድ የሞላባት ትንሽዬ ከረጢት ናት፣ ያረጀ ፕሮቲን ምናምን እዛ ገብቶ ይፈጫል። ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው በ1955 እ.ኤ.አ ያስተዋወቃት፣ በ1974 ኖቤል ተሸለመ። እኛ ስንማር "የሴል ቆሻሻ ገንዳ" ነበር የሚሉን፣ ገንዳ ሲባል ደግሞ አንድ ቦታ የተተከለ ነገር ነው የሚመስለው፣ ይቺ ግን ከወዲያ ወዲህ ስትል ነው የምትውለው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል እንየው።

1. መንገዱ። ማይክሮቱቡል የሚባሉ 25 ናኖሜትር ውፍረት ያላቸው ቱቦ መሳይ ሀዲዶች አሉ፣ ባብዛኛው ከኒውክለስ አካባቢ ተነስተው ወደ ሴሉ ዳር ይዘረጋሉ። እነሱ ላይ የሚሄዱ ጭነት ጎታች ሞተር ፕሮቲኖች አሉ፣ ካይነሲን ወደ ዳር ይጎትታል፣ ዳይኒን ወደ መሀል። ካይነሲን የምር በሁለት እግር ነው የሚራመደው፣ አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ናት፣ ለእያንዳንዷ አንድ ኤቲፒ (የሴሉ ነዳጅ) ይበላል፣ እና አንዲት ማይክሮሜትር ለመሄድ 125 ጊዜ መርገጥ አለበት ማለት ነው!

2. ማብሪያ ማጥፊያው። አርል8ቢ (ባጭሩ አርል8) ትንሽ ጂቲፒኤዝ ነው፣ ጂቲፒ የምትባል ሞለኪውል ይዞ የሚቆርጥ ፕሮቲን ማለት ነው፣ 186 አሚኖ አሲድ ብቻ። ጂቲፒ ሲይዝ በራ፣ ጂቲፒው ተቆርጦ ጂዲፒ ሲሆን ጠፋ። ሰው ይሄ ፕሮቲን ላይሶዞሟን የሚጎትት ይመስለዋል፣ አይጎትትም። ወያላ በሉት፣ መሪ አይነካም ግን እሱ "ሳበው" ካላለ ታክሲው አይነቃነቅም።

3. ወያላውን በሩ ላይ ማቆም። ይሄን የሚያደርገው ቦርክ የሚባል የ8 ፕሮቲኖች ስብስብ ነው። ቦርክን ከሴሉ ካጠፋችሁት አርል8 ላይሶዞሟ ላይ አይቀመጥም፣ ላይሶዞሞቹም ኒውክለሱ ዙሪያ ተከማችተው ይቀራሉ።

4. ሞተሩን መጥራት። የበራው አርል8 ስኪፕ የሚባል አገናኝ ፕሮቲን ይይዛል፣ ስኪፕ ካይነሲንን ይይዛል፣ በቃ ጉዞ ወደ ዳር ተጀመረ። በነገራችን ላይ ሳልሞኔላ የምትባለው ባክቴሪያ ይሄን ነገር ደርሳበታለች፣ ሲፍኤ የሚባል የራሷን ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ አስገብታ ስኪፕን ትይዘዋለች፣ የሌላ ሰው ታክሲ በነፃ እንደመሳፈር ነው።

5. ሴሉ ሲርበው። ለኔ ደስ የሚለው ይሄ ነው። ምግብ ሲጠፋ እዛው ላይሶዞሟ ላይ ያለው ራጉሌተር የሚባል ስብስብ ቦርክን ጥርቅም አርጎ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ወደ ዳር የሚወስዳት የለም፣ ራብ7 የሚባል ሌላ ጂቲፒኤዝ ደግሞ ሪልፕ በሚባል አገናኝ ፕሮቲን በኩል ዳይኒንን ጠርቶ ወደ መሀል ይስባታል። ለምን መሀል? ሴሉ ሲርበው የራሱን እቃ ጠቅልሎ መብላት ይጀምራል፣ ጥቅሎቹ ደግሞ የሚመጡት ወደ መሀል ነው፣ እዛ ከላይሶዞም ጋር ይገናኛሉ።

ላብ የሚገባ ሰው ካላችሁ በአይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሄላ ሴል (ላብ ውስጥ የሚራባ የሰው ሴል) ይዛችሁ ላይሶዞም ላይ ያለውን ላምፕ1 የሚባል ፕሮቲን በሚያበራ አንቲቦዲ ቀቡት፣ የጠገበው ሴል ላይ ነጠብጣቦቹ ተበታትነው ታያላችሁ። ከዛ ሌላ ሳህን ላይ አሚኖ አሲድና ሴረም (ሴሉ የሚመገበው የደም ፈሳሽ) የሌለበት ፈሳሽ አርጋችሁ ጥቂት ሰአት አስርቡት፣ ነጠብጣቦቹ ኒውክለሱ ጎን ጥቅጥቅ ይላሉ። ሳታስርቡም ይሆናል፣ አርል8ቢ ላይ 34ኛዋን አሚኖ አሲድ ትሪዮኒንን በአስፓራጂን ብትቀይሯት ማብሪያው አይበራም፣ ያኔ ሴሉ ቢጠግብም ላይሶዞሞቹ መሀል ይቀራሉ። የተራበው ሳህን ላይ ግን ምግቡን መልሳችሁ ስታፈሱለት እንደገና ወደ ዳር መበተን ይጀምራሉ።