ሥራ ሳይለቁ፣ ቤት ሳይለውጡ ለእግዚአብሔር መቀደስ

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ነርስ ወይም መምህር እንደሆኑ፣ በንጽሕና፣ በድህነትና በታዛዥነት ቃል ኪዳን መኖር ይቻላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1947 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጥሪ ሕጋዊ ቦታ ሰጡት፤ በዚህ ጥሪ በዓለም መካከል የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራት ሴኩላር ኢንስቲትዩት ይባላሉ።

መጀመሪያ ከመንፈሳዊ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ከዚያ የማኅበሩን ደንብ ተቀብለው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት። ትዳር ያለው ሰው መግባት አይችልም። በላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ሕግ (ቀኖና 722 እና 723) የመጀመሪያው ሙከራ ከ2 ዓመት፣ ጊዜያዊው ቃል ኪዳን ከ5 ዓመት አያንስም። ስለዚህ እስከ ዘላቂው ቃል ኪዳን ቢያንስ 7 ዓመት አለ፤ መቸኮል አያስፈልግም። የግእዝ ሥርዓት ካቶሊክ ምእመናን የሚመሩት በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና (ቁጥር 563–569) ስለሆነ የጊዜውን ልክ ከደንቡ ይጠይቁ።

ጸሎትን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከሥራዎ ጋር ያያይዙት። ሥራ 2:30 የሚገባ ሰው 11:30 ቢነሳ፣ በዕለቱ ወንጌል ላይ 30 ደቂቃ ያስተነትናል፤ የማለዳ ጸሎት ያደርሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ከሆነም ያስቀድሳል። የአዳር ተረኛ ግን ይህንኑ ከተረኛነቱ በፊት ያድርግ፤ ደክሞት ለሚገባበት ሰዓት ያስቀመጠው ጸሎት በሳምንቱ ይቀራል። የዓመቱን ሱባኤ ከዓመት ፈቃድዎ ላይ አስቀድመው ይያዙ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በገንዘብ ነው። ደመወዝ በገባበት ቀን ወረቀት ያውጡና የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርት፣ ለወላጅ የሚላክ፣ ዕድር፣ ለሕመምና ለእርጅና የሚቀመጥ፣ ምጽዋት ብለው በየተራ ይጻፉ። ወረቀቱን በየ3 ወሩ ለማኅበሩ ኃላፊ ያሳዩ። ከስንት ብር በላይ የሆነ ግዢ ፈቃድ እንደሚያስፈልገውም አብራችሁ ወስኑ። ስልክ ገዝቶ ዝም ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ድህነትና ታዛዥነት አብረው የሚላሉት ግን እዚያ ላይ ነው። የተረፈውን ሁሉ መስጠትም ስሕተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አባሉ የሚተዳደረው በራሱ ደመወዝ ስለሆነ፣ ቁጠባ የሌለው ሰው ሲታመም በእህት በወንድሙ ላይ ይወድቃል።

የቤተሰብ ጥያቄም አይቀርም። አክስት «ዘንድሮስ አትዳሪም ወይ?» ስትል «ገና አላገኘሁም» ብሎ መሸሽ ውሸት ነው፤ ደግሞ ሽማግሌ ያስመጣል። ማኅበሩ አባልነትን በይፋ መናገር ባይፈቅድም «ላለማግባት ወስኛለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው» ማለት ይቻላል። ቡናው እስኪፈላ አብረዋት ይቀመጡ፤ ደስታውን ከፊትዎ ታንብበው።