የእንግሊዝኛ ቃላት በፈረንሳይኛ፦ ትርጉምና አጠራር

የፈረንሳይኛን ስም ብቻውን አትያዙት፤ ጾታው አብሮ ይጠና። ጠረጴዛ «ላ ታብል» (ሴት)፣ መጽሐፍ «ለ ሊቭር» (ወንድ) ነው።

መልኩ የሚመሳሰል ቃል ያሳስታል። የእንግሊዝኛው «ላይብረሪ» ቤተ መጻሕፍት ሲሆን የፈረንሳይኛው «ሊብሬሪ» መጻሕፍት መሸጫ ነው። ቤተ መጻሕፍት «ቢብሊዮቴክ» ይባላል።

«ሬስቶራንት» በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ይጻፋል። በፈረንሳይኛ ግን የመጨረሻው «ት» ይዋጣል፤ «ን»ም ራሱን ችሎ አይሰማም፣ አናባቢው በአፍንጫ ይወጣል እንጂ። ሲጨርሱ የምላስ ጫፍ ላንቃን ከነካ «ን» ብላችኋል፤ ድገሙት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በፊደላችን ሆሄ የሌለው የፈረንሳይኛው «u» ድምፅ ነው። «ኢ» እያላችሁ፣ ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደሚሆን አሹሉ። «ኡ» ብላችሁ ካለፋችሁት «ከላዩ» ለማለት አስባችሁ «ከሥሩ» ትላላችሁ፤ የሁለቱ ቃላት ልዩነት ይህች አናባቢ ብቻ ናት።

በሁለት አናባቢዎች መሃል አንድ «ኤስ» ካለ «ዝ»፣ ሁለት ከሆነ «ስ» ተብሎ ይነበባል። «ፗሶን» ዓሣ ነው፤ «ፗዞን» መርዝ። (መጨረሻቸው እዚህም በአፍንጫ ነው።) ምግብ ስታዝዙ ይህችን አደራ።