ኩባንያው ገና ያልከፈለው ኪራይ ስንት ነው?

አክሲዮን ልትገዙ የኩባንያውን ዕዳ ስታዩ የባንክ ብድሩን ብቻ ደምራችሁ እንዳትነሱ። ሱቅ፣ መጋዘን ወይም አውሮፕላን ተከራይቶ የሚሠራ ድርጅት ከባንክ ሰባራ ሳንቲም ሳይበደርም ለዓመታት የማይላቀቀው ክፍያ ሊኖርበት ይችላል።

ድሮ ይሄ ጉድ ከዋናው ሂሳብ ውጭ ነበር። የዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገመተው አክሲዮናቸው በገበያ ላይ ያለ ኩባንያዎች 3.3 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ የሊዝ (የኪራይ ውል) ግዴታ ነበረባቸው፣ ከ85 በመቶ በላዩም በዕዳ ተመዝግቦ አይታይም ነበር። ከ2019 ወዲህ በዓለም አቀፉ የሊዝ ሂሳብ ደንብ በአይኤፍአርኤስ 16 እና በአሜሪካው ደንብ አብዛኛው ሊዝ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል።

ግን እዚያ ያለው ቁጥር ወለዱ የተቀነሰለት ነው። ኩባንያው በየዓመቱ መጨረሻ 100 ሚሊዮን ለ5 ዓመት ሊከፍል ቢፈርም ከኪሱ የሚወጣው 500 ሚሊዮን ነው። በ8 በመቶ ወለድ ሲሰላ ግን የሚመዘገበው ዕዳ 399 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል፣ በ5 በመቶ ደግሞ 433። ውሉ ያው ነው፣ የተለወጠው የተጠቀሙበት ወለድ ብቻ። ስለዚህ ከሂሳብ ሪፖርቱ ሥር ወዳሉት ማብራሪያዎች ውረዱና ክፍያውን በጊዜ ከፋፍሎ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። በአሜሪካ ደንብ የሚቀጥሉት 5 ዓመታት አንድ በአንድ፣ የቀረው ደግሞ "ከዚያ በኋላ" ተብሎ በአንድ ላይ ይቀመጣል። በዓለም አቀፉ ደንብ ግን ዓመታቱን እንዴት እንደሚከፋፍል ኩባንያው ራሱ ይመርጣል፣ አንዳንዱ "ከ1 እስከ 5 ዓመት" ብሎ ጠቅልሎት ያርፋል፣ ያናድዳል።

ሰንጠረዡም ሁሉን አይነግራችሁም። በሽያጭ መጠን የሚሰላ ኪራይ ዕዳው ውስጥ የለም። ከ12 ወር የማይበልጥ ውልም ሊዘለል ይችላል። ተፈርሞ ገና ያልተረከቡት ሕንፃም እንዲሁ፤ እሱን ማብራሪያው ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴ ግዙፍ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የማራዘም መብት ነው። የማራዘሚያው ዓመታት የሚቆጠሩት ማኔጅመንቱ "ማራዘማችን አይቀርም" ብሎ ከወሰነ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት ሱቅ ያላቸው ሁለት ተፎካካሪዎች የአንዱ ዕዳ የሌላውን እጥፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እኔ አጭር ውል ሳይ አልደሰትም፤ ያለዚያ ሱቅ መሥራት ካልቻለ ኪራዩን መክፈሉ የት ይቀራል?

ቢሮ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራየውን ዊወርክን አስታውሱ። በ2019 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ባስገባው ሰነድ የወደፊት የሊዝ ክፍያው 47 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ደንበኞቹ ሊከፍሉት ውል የገቡት ግን 4 ቢሊዮን ገደማ። ረጅም ውል ተከራይቶ በአጭር ውል ማከራየት ማለት ይሄ ነው። በኅዳር 2023 ላይ ከአበዳሪዎቹ ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ።

ኢቢትዳ (ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለ ትርፍ) ላይም ተጠንቀቁ። በአይኤፍአርኤስ 16 ኪራዩ ወደ እርጅና ቅናሽና ወለድ ስለሚሄድ ኢቢትዳው ያብጣል፤ በአሜሪካ ደንብ የተለመደው የቢሮና የሱቅ ኪራይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወጪ ውስጥ አይወጣም። ሁለቱን ሳታስተካክሉ ማወዳደር ከንቱ ልፋት ነው።

በመጨረሻ ከሥራ የገባውን ጥሬ ገንዘብ ኪራዩ ሳይቀነስለት ውሰዱና ለሚቀጥለው ዓመት የሊዝ ክፍያ አካፍሉት። ውጤቱ 1 አካባቢ ከሆነ ኩባንያው የሚሠራው ለአከራዮቹ ነው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሪፖርቶችም ጎን ለጎን አስቀምጡና "ከዚያ በኋላ" የሚለው መስመር ከሽያጩ ፈጥኖ እያደገ እንደሆነ እዩ።