የማታ ተማሪዎቼን የማስጽፋቸው የንባብ ዕቅድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በማታ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀኑን ሥራ ላይ ውለው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ አሉ፣ ባጃጅ የሚነዱ አሉ፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ አሉ። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንበው ይቀመጣሉ። የሚያባክኑት ሰዓት የላቸውም። ስለዚህ ትምህርት ሲጀመር ከሰዋስው በፊት የንባብ ዕቅድ አስጽፋቸዋለሁ። ለእነሱ የሠራ ዕቅድ ለሌላውም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በጳጉሜን ብዙ ሰው «ዘንድሮ 24 መጽሐፍ አነባለሁ» ይላል። ኅዳር ሲገባ ዕቅዱ የለም። የመጽሐፉ ብዛት ግብ አይሆንም። 24ኛው መጽሐፍ ሲያልቅ በሕይወታችሁ ምን እንደሚለወጥ ካላወቃችሁ፣ ደክሟችሁ ቤት በገባችሁበት ማታ መጽሐፉን የሚያስከፍታችሁ ነገር አይኖርም።

መጀመሪያ ጉዳያችሁን ጻፉ

ደብተር ያዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፦ እስከ መቼ፣ ምን ማድረግ መቻል እፈልጋለሁ?

አንድ ባጃጅ ነጂ ተማሪዬ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የቲዎሪ ፈተናውን አልፌ መንጃ ፈቃዴን አሳድጋለሁ፣ ሚኒባስ እይዛለሁ» ብሎ ጻፈ። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፏን ከእሷ ቀድሜ አንብቤ ጥያቄዋን መመለስ እፈልጋለሁ» አለች። ሁለቱም ምን እንደሚያነቡ ለመምረጥ አልተቸገሩም። ጉዳዩ ራሱ መጽሐፉን መረጠላቸው።

ልብ ወለድ ለደስታ ማንበብም ጉዳይ ነው። «ማታ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ በታሪክ ተመስጬ መተኛት እፈልጋለሁ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ሌላው ሰው ትልቅ ነገር እንዲመስለው ብላችሁ ግን አትጻፉ። ደብተሩን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ገጹን በእውነተኛ ቀን አካፍሉ

ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ ለሒሳብ ይመቻል። መጽሐፉ 180 ገጽ ነው እንበል። ለ30 ቢያካፍሉት በቀን 6 ገጽ ይመጣል። ግን 30ውን ቀን አታገኙትም። አራቱን እሑዶች ቀንሱ። ለቅሶ ይኖራል፣ ሠርግ ይኖራል፣ ማኅበር ይኖራል፣ መብራት የሚጠፋበት ማታ ይኖራል። ለእነዚህ 6 ቀን ተዉ። 20 ቀን ቀራችሁ። ስለዚህ በቀን 9 ገጽ ነው። ለቅሶ መድረስ ዕቅድ ማፍረስ አይደለም። ዕቅዱ ሲወጣ ለለቅሶ ቦታ ተሰጥቶታል።

ቀጥሎ ሰዓታችሁን ለኩ። መጽሐፉን ለ10 ደቂቃ በተለመደ ፍጥነታችሁ አንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ቁጠሩ። ሦስት ገጽ ከሆነ 9 ገጽ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ያነበባችሁትን ለማስታወስ 10 ደቂቃ ጨምሩበት። 40 ደቂቃ ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ገጹን ቀንሱ። ግቡን ወደ ሁለት ወር ማራዘም ነውር የለውም።

መቼና የት እንደሆነ ቁረጡ

«ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» የሚል ዕቅድ አልቀበልም። ምክንያት አለኝ። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ በየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲወስዱ ለማድረግ አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ስለ በሽታው አስፈሪነት ብቻ ከተነገራቸው መካከል ሄደው የተከተቡት ከመቶ 3 ያህሉ ናቸው። ለሌሎቹ ክትባቱ የሚሰጥበት ክሊኒክ በክብ ምልክት የተመለከተበት ካርታ ተሰጣቸው። በየትኛው ቀንና በየት በኩል እንደሚሄዱም እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ ከመቶ 28 ያህሉ ተከተቡ። የክሊኒኩን ቦታ ድሮም ያውቁት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መቼና በየት እንደሚሄዱ አስቀድሞ መቁረጡ ነው።

ስለዚህ ንባባችሁን በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። «ራት በልተን ዕቃ እንደታጠበ፣ ሳሎን ካለው አምፖል ሥር ቁጭ ብዬ 9 ገጽ።» «ባጃጄ ተራ ስትጠብቅ፣ ስልኩን ኪሴ ከትቼ 3 ገጽ።» በቴሌግራም ያወረዳችሁትን ፒዲኤፍ በስልክ የምታነቡ ከሆነ ዳታውን አጥፉት። መልእክት እየገባ ማንበብ አይቻልም፣ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ሌላውም ሲሞክር አይቻለሁ።

ከማንበባችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ

ምዕራፉን ዝም ብላችሁ አትጀምሩ። ርዕሶቹን እዩ፣ ሥዕልና ሠንጠረዥ ካለ ተመልከቱ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቡ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፉ። ባጃጅ ነጂው «መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?» ብሎ ይጽፍና መልሱን ፍለጋ ይገባል። ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው ዓይኑ አይባዝንም። ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። ፍራንሲስ ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለተማሪዎች ያቀረበው የአጠናን ዘዴ የሚጀምረው በቅኝትና በጥያቄ ነው።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጎበዝ የሚባለው አንባቢም የሚሰናከለው እዚህ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ውል፣ መመሪያ፣ ደብዳቤ ስታነቡ አራት መስመር ሙሉ ትሄዱና ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ትደክማላችሁ። መፍትሔው መጨረሻውን አስቀድሞ ማየት ነው። ይህን የቤት ኪራይ ውል እንውሰድ፦

«ተከራይ የወሩን ኪራይ ወሩ በገባ በ5 ቀን ውስጥ ሳይከፍል ቢቀርና አከራይ በጽሑፍ አስጠንቅቆት በ10 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ውሉ ይፈርሳል።»

መጀመሪያ ወደ አራቱ ነጥብ ሂዱ። «ውሉ ይፈርሳል።» ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ኋላ ተመለሱና መቼ እንደሚፈርስ ፈልጉ። «ሳይከፍል ቢቀርና» የሚለው አንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ከሥሩ በእርሳስ አስምሩ። «አስጠንቅቆት» ሌላ ነው። «ካልከፈለ» ሦስተኛው ነው። ሦስቱም ካልተሟሉ ውሉ አይፈርስም። አከራዩ በቃል ብቻ «ውጣ» ቢል ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር አይገጥምም ማለት ነው። በመጨረሻም ማን ምን እንደሚያደርግ ለዩ፤ ከፋዩ ማን ነው፣ አስጠንቃቂው ማን ነው? አንዲት ተማሪዬ በዚህ መንገድ የራሷን ውል አንብባ ለባሏ መስመር በመስመር አስረዳችው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ በጣም ደስ ይለኛል።

የማታውቁት ቃል ሲመጣ ከሥሩ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ። አንቀጹ ሲያልቅ ተመለሱ። ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን አካባቢው ይነግራችኋል። ያልነገራችሁን መዝገበ ቃላት ላይ እዩ ወይም ጠይቁ።

ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ብታነቡም አትፈሩ። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ተማሪው በውርድ ንባብ ቀስ እያለ ቆይቶ ነው ወደ ፈጣኑ ቁም ንባብ የሚሻገረው። ከባድ አንቀጽን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ጥሩ ነው።

መጽሐፉን ዝጉና ተናገሩ

ከሁሉ የምጨቀጭቃቸው በዚህ ነው። ሁለት ሦስት ገጽ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉ። ምን አለ? በራሳችሁ ቃል ተናገሩ ወይም ሦስት መስመር ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ አስተያዩ። የቀረውን ጨምሩ፣ የተሳሳተውን አርሙ።

ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ያንኑ ደግሞ ማንበብ ነው። ደግሞ ማንበብ የገባን ያስመስላል። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በተማሪዎች ፈትነውታል። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ከጭንቅላታቸው አውጥተው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ፈተና ወይም ሥራ የሚመጣው ከ5 ደቂቃ በኋላ አይደለም። መጽሐፉን ዘግቶ ማስታወስ ያስቸግራል፣ ያናድዳልም። ቢሆንም አድርጉት።

በማግሥቱ ከመጀመራችሁ በፊት የትናንቱን በአንድ ደቂቃ አስታውሱ። ቅዳሜ የሳምንቱን። ጳጉሜን ሲመጣ የዓመቱን ደብተር አገላብጡ፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ለዚህ በቂ ነው። የሚሰማችሁ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ለእሱ ንገሩት። ያቺ እናት ምዕራፉን ለልጇ ታስረዳለች፣ ልጅቷም «እማ፣ ይሄ እንዲህ አይደለም» እያለች ታርማታለች።

ስለ ፍጥነት

«በደቂቃ 1,000 ቃል አንብቡ» የሚሉ ሥልጠናዎች አሉ። ገንዘባችሁን አትስጡ። የንባብን ሳይንስ የመረመሩ ባለሙያዎች ፍጥነት በጣም ሲጨምር መረዳት እንደሚቀንስ ያስረዳሉ። የእንግሊዝኛውን የቃል ቁጥር ለአማርኛም መለኪያ አታድርጉ፤ ቃሎቻችን ብዙ ነገር ተሸክመው ነው የሚመጡት። ፍጥነት ራሱን ችሎ የሚመጣው ቃልና ዕውቀት ሲከማች ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ሦስተኛውን መጽሐፍ ስታነቡ ከመጀመሪያው ይልቅ ትፈጥናላችሁ።

ሲቋረጥ

ሳምንት ሙሉ ሳታነቡ ትቀሩ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ያመለጠውን የ6 ቀን 54 ገጽ በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ አትሞክሩ። የዛሬውን 9 ገጽ ብቻ አንብቡ፣ የማለቂያውን ቀን ወደፊት ግፉ፣ አዲሱን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ለሁለተኛ ጊዜ ከተቋረጠ ሰዓቱን ቀይሩ፤ ማታ ካልሆነ ንጋት ላይ ሞክሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ከተቋረጠ ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱና ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቡ። አሁንም የምትፈልጉት ነገር ካልሆነ ሰርዙና ሌላ ጻፉ።