ያልነው ነገር እንዳልነው እንዲደርስ

ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ያለች እናት ጅዳ ለምትሠራ ልጇ «ነገ በ2 ሰዓት ደውይልኝ» ብላ በኢሞ ድምፅ ትልካለች። ልጅቷ መልእክቱን ጥርት አድርጋ ትሰማለች። በነጋታው ስልኳ 2 ሰዓት ሲል፣ የአሠሪዎቿን ምሳ አነሳስታ ትደውላለች። እናት ግን ከጠዋት ጀምራ ስልኩን እንደያዘች «ምን ሆና ይሆን?» ስትል ውላለች።

ጅዳና ሐይቅ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። የሚለያየው አቆጣጠሩ ነው። የእናት የጠዋት 2 ሰዓት በልጅቷ ስልክ 8 ሰዓት ነው። ኔትወርክ አልተቆራረጠም፣ ቃልም አልጠፋም። የተላከው ነገር ግን አልደረሰም።

ክላውድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ በ1948 (በአውሮፓውያን) ቤል የስልክ ላቦራቶሪ ሆኖ ይህን ጉዞ በሥዕል አስቀምጦት ነበር። መልእክት ከምንጩ ይነሳል፣ ወደ ምልክት ይቀየራል፣ በአንድ መንገድ ያልፋል፣ መንገድ ላይ ጫጫታ ያገኘዋል፣ ከዚያ ተፈትቶ ተቀባዩ ጋ ይገባል። ሻነን ያሳሰበው ምልክቱ ሳይጎድል መድረሱ እንጂ ትርጉሙ አልነበረም። በሱ ሚዛን የሐይቋ እናት መልእክት በሚገባ ደርሷል። በ1954 (ይህም በአውሮፓውያን) ዊልበር ሽራም የሚባል የተግባቦት ምሁር የጎደለውን ጨመረ። ሁለት ሰዎች የሚግባቡት የኑሮ ልምዳቸው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ ተቀባዩም ዝም ብሎ አይቀበልም፣ መልሶ ይልካል አለ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሁለቱን ሐሳብ ወደ ቤታችን ያመጣ ነው።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ያዙ። «ጣሪያው ያፈሳል እኮ» የሚል ሰው እያማረረ ነው ወይስ ቆርቆሮ ግዙ እያለ? ራሱ ካልለየው ሌላው ሊለይለት አይችልም።

ቀጥሎ ሰሚውን አስቡ። ደሴ ውስጥ መንገድ ሲጠቁሙን «ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ታጠፍ» እንባላለን። ለሰፈሩ ልጅ ይህ ከካርታ ይበልጣል። ትናንት ከአውቶቡስ ለወረደ እንግዳ ግን የሌለ ወፍጮ ቤት ፈልግ ማለት ነው። ሰሚው የሚያውቀውን ምልክት ስጡት። ሰዓት ሲሆን «ጠዋት፣ ቁርስ ላይ» ብላችሁ ጨምሩ። ቀን ሲሆን ደግሞ ውጭ አገር ላለ ሰው በየትኛው ካላንደር እንደሆነ ንገሩት።

ከዚያ በሩን ክፈቱ። የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቆ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ጊዜ ማባከን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በዚያች ደቂቃ ሰውየው ደህና ይሁን፣ ይቆጣ፣ ይቸኩል፣ ከድምፁ ይታወቃል። ቤት ውስጥ ከሆነ ከባድ ጉዳይ እኔ ብሆን አቦል ላይ አላነሳም። ቶና እስኪቀዳ እጠብቃለሁ፤ ያኔ ሁሉም ተረጋግቶ ተቀምጧል።

አሁን መንገዱን ምረጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ብዙ ጥፋትም ያለበት እዚህ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ወሬው በሁለት መንገድ ይሄዳል። ለሰፈሩ በቅሬው (ሌላው አገር ዕድር የሚለው) ይለፈፋል። የሰማ ሁሉ ይወጣል። እዚህ የሚፈለገው ፍጥነት ነው፤ በተለይ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቀን ስለሆነ። ርቆ ላለ ወንድም ወይም ልጅ ግን እንዲህ አይደረግም። ሽማግሌዎችና የሚቀርቡት ጎረቤቶች ገና ሳይነጋ ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። የመጡበት ሰዓት ራሱ ግማሹን ይናገራል። ቀሪውን ሲሰማ ደግሞ የሚደግፈው እጅ አጠገቡ አለ። ወሬው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሰሚው ሁለት ስለሆነ መንገዱም ሁለት ሆነ።

ለሌላውም ጉዳይ እንዲሁ ጠይቁ። ሰውየው ሲሰማ ይደነግጣል? ይቆጣል? እንግዲያው በአካል፤ ካልሆነ በድምፅ። በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልገዋል? እንግዲያው በጽሑፍ። የባንክ ቁጥር በቃል፣ ቅሬታ በቴሌግራም የሚልክ ሰው ሁለቱንም አገላብጦታል።

በየሥልጠናው «ከመልእክት 93 በመቶው አካልና ድምፅ ነው፣ ቃል 7 በመቶ ብቻ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ አልበርት መህራቢያን ከሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ የ1967 (በአውሮፓውያን) ጥናቶች የመጣ ነው። የተጠናው ግን ስሜት ሲገለጽ ቃሉና አኳኋኑ ሲጋጩ ሰው የቱን እንደሚያምን ነበር። ለመልእክት ሁሉ ቢሠራማ ኖሮ ደብዳቤ አንብቦ የሚገባው ሰው ባልኖረ።

ጫጫታውን ቀንሱ። የባጃጅና የገበያ ድምፅ ብቻ አይደለም። ርሃብ፣ ቂም፣ እንቅልፍ፣ አልቅሶ የሚያስቸግር ልጅ፣ ሁሉም ጫጫታ ነው። ማስቀረት ካልተቻለ መደጋገም ይረዳል፤ የሻነንም ሒሳብ ይህንኑ ያሳያል። ስልክ ቁጥር ስትናገሩ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ቁረጡት፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ድገሙት።

በመጨረሻ መልሱን ተቀበሉ። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይረባም። በተለይ ታናሽ ታላቁን «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። «እስቲ ምን እንደምታደርግ ንገረኝ» በሉት። ትዕዛዝ እንዳይመስል ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፦ «በደንብ ነግሬሽ ይሆን? እስቲ ደግመሽ በይኝ።»

ይህን ነገር ከአፋሮች የተሻለ የያዘው ያለ አይመስለኝም። ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው አይቷቸው ይሆናል። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ገበያው አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ይለያል። የሰማው ከሆነ ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። የተቀበለውን ደግሞ ቀጥሎ ላገኘው ሰው ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ተቀባዩ አድማጭ ብቻ አይደለም፣ መርማሪም ነው።

መልእክት በሰው የምትልኩ ከሆነ ይህንኑ አድርጉ። ለሹፌር ወይም ለጎረቤት ልጅ ከሁለት ጉዳይ በላይ አትጫኑበት። ሦስተኛ ካለ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። ሳይነሳ አንዴ አስደግሙት። እናንተ ተቀባይ ስትሆኑ ደግሞ «ይህን እሱ ራሱ ነው ያለህ፣ ወይስ አንተ እንደዚያ መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።