የእጅ ፍሬዛና ቶርኖ ወደ ሲኤንሲ ሲቀየሩ፦ ልክ ለምን ይሳሳታል?

ሞተሩ ተገጥሞ፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ታስሮ፣ ማሽኑ በኮምፒውተር ትዕዛዝ መሄድ (ሲኤንሲ ማለት ይኸው ነው) ከጀመረ በኋላ ዋናው ጣጣ የልክ ስህተት ነው። አንዲት ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) ይትከሉና ስህተቱ በምን እንደሚያድግ ይለዩ፦ በርቀት? አቅጣጫ ሲቀየር ብቻ? ወይስ ሥራው በቆየ ቁጥር? የሦስቱም መነሻ ለየቅል ነው።

ስህተቱ ከርቀቱ ጋር ያድጋል

ጥፋቱ የሂሳብ ነው። በአንድ ዙር 200 ስቴፕ (እርምጃ) የሚሄድ ስቴፐር ሞተር፣ 8 ማይክሮስቴፕ (ድራይቨሩ አንዱን ስቴፕ ለ8 ሲከፍለው)፣ ጠረጴዛውን በአንድ ዙር 5 ሚሜ የሚገፋ ስክሩ ካለ፦ 200 × 8 ÷ 5 = 320 ፐልስ (የትዕዛዝ ምት) በሚሜ። ቺንጋው 2 ለ 1 የሚቀንስ ከሆነ 640። ጠረጴዛው የታዘዘውን እጥፍ ወይም ግማሽ ከሄደ የድራይቨሩ ማይክሮስቴፕ ማብሪያዎች ከሶፍትዌሩ ጋር አልተስማሙም። 100 ታዝዞ 101.6 ከሄደ ደግሞ ስክሩው በኢንች የተቆረጠ ነው፤ 2.5 ብለው ያስገቡት በእርግጥ 2.54 ሚሜ ነው።

ክብ ሲቆረጥ አራት ቦታ ላይ ደረጃ ይወጣል

ባክላሽ ነው፤ አቅጣጫ ሲቀየር ጠረጴዛው ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚባክነው ልልነት። ጠረጴዛውን ወደ ጌጁ 1 ሚሜ አስጠግተው ዜሮ ያድርጉት፤ ሌላ 1 ሚሜ ጨምረው መልሰው 1 ሚሜ ያውጡት። ጌጁ ከዜሮ የራቀበት መጠን ባክላሹ ነው። ቀጥሎ ስክሩው እንዳይዞር ይዘው ጠረጴዛውን በእጅ ይግፉ፣ ይሳቡ። የስክሩው ጫፍ አብሮ ወደፊትና ወደኋላ ካለ ችግሩ የኩሽኔታ ነው፤ ጥንድ አንጉላር ኮንታክት ኩሽኔታ (በዘንጉ አቅጣጫ የሚመጣ ግፊትንም የሚችል) ገጥመው የሚይዘውን ዳዶ ያጥብቁ። ስክሩው ቆሞ ጠረጴዛው ከተንቀሳቀሰ የተበላው የስክሩው ነት ነው፤ በስፕሪንግ የሚወጠር ድርብ ነት ወይም ቦል ስክሩ (ነቱ በትናንሽ ኳሶች ላይ የሚሄድ) ያስፈልጋል።

ማሽኑን ከሚመሩት ሶፍትዌሮች ማች3ና ሊነክስሲኤንሲ ባክላሽን በቁጥር ያካክሳሉ፣ ግርብል አያካክስም። ማካካሻው ግን ቦታን እንጂ ኃይልን አይቆጣጠርም፤ መቁረጫው ጠረጴዛውን በክፍተቱ ውስጥ ከሳበው ሶፍትዌሩ አያውቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን ያስተካክሉ።

ሥራው በቆየ ቁጥር ዜሮው (የመነሻ ነጥቡ) ይሸሻል

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሞተሩ ደካማ መስሎት ትልቅ ሞተር ይገዛል። አስቀድመው የሞተሩን ዘንግ፣ ስክሩውንና ሁለቱን የሚያገናኘውን ካፕሊንግ የሚያቋርጥ አንድ መስመር በማርከር ያስምሩ። መስመሩ ከተዛነፈ የሚንሸራተተው ካፕሊንጉ ነው።

መስመሩ ካልተዛነፈ ምንም ሳይቆርጡ 5 ሚሜ ወደፊት፣ 5 ሚሜ ወደኋላ መቶ ጊዜ በዝግታ ያስኬዱት። በዝግታም ወደ አንድ ወገን ብቻ ከሸሸ ጥርጣሬው የምልክት ነው፤ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር አንድ ማይክሮስቴፕ ይጠፋል። በሶፍትዌሩ የፐልሱን ፖላሪቲ (ምቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን) ይገልብጡ፣ የአቅጣጫው ምልክት ከፐልሱ 5 ማይክሮሰከንድ እንዲቀድም ያድርጉ።

በፍጥነት ሲሄድ ብቻ ከሸሸ ፍጥነቱንና አክሰለሬሽኑን በግማሽ ይቀንሱ። ከተስተካከለ የጎደለው ጉልበት ነው፤ የስቴፐር ጉልበት ፍጥነት ሲጨምር ይወርዳል፣ የሚያቆየውም ቮልቴጅ ነው። ለግምት የሞተሩን ኢንዳክታንስ (በሚሊሄንሪ የሚለካ የጥቅሉ ባሕርይ) ስኩዌር ሩት በ32 ያባዙ፦ 2.2 ሚሊሄንሪ ወደ 47 ቮልት ይሰጣል። ከድራይቨሩ ጣሪያ ግን አይጠጉ፤ ሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ ቮልቴጅ መልሶ ይገፋል። ጊብ የሚባለውን የስላይድ ማጥበቂያም አይርሱ። አሮጌ ማሽን መሃሉ ስለሚበላ፣ መሃል ላይ የተስተካከለ ጊብ ዳር ሲደርስ ያንቃል። ኃይሉን አጥፍተው ከዳር እስከ ዳር በእጅ ያዙሩትና ይሞክሩ።

ስፒንድሉ ሲነሳ «ሊሚት ተነካ» ብሎ ይቆማል

ማብሪያውን ማንም አልነካውም፤ የስፒንድሉ (የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) ኢንቨርተር፣ ማለትም የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የሊሚት ማብሪያዎችን (ጠረጴዛው ዳር ሲደርስ የሚያቆሙትን) ካልተነኩ ዝግ በሆኑበት በኩል ይሰሩ፣ ይህ የተበጠሰ ገመድንም ያጋልጣል። 5 ቮልት ሳይሆን 24 ቮልት በኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን በሚያሻግር ክፍል) ይጠቀሙ፣ የገመዱን ሽፋን በአንድ ጫፍ ብቻ ከግራውንድ ያገናኙ፣ ከስፒንድሉ ገመድ ያርቁት። ካልበቃ መግቢያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጨመር።

ሞተሩ ያቃጥላል

ለስቴፐር ውጭው 70 ዲግሪ ቢደርስ ብዙም አያስደነግጥም። የድራይቨሩን አምፔር ከሞተሩ ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ፣ ሲቆም ወደ ግማሽ የሚወርድበትን ማብሪያ ያብሩ። ይህን ስትሠሩ ፓወር ሰፕላዩ ይጥፋ፤ የሞተር ገመድ ኃይል እያለ ከተነቀለ ድራይቨሩ ሊቃጠል ይችላል።